ማዘያው

ጨርቅ፣ የነካውን እጅ ሁሉ ማስታወስ ከጀመረ ወዲህ ለቀስተኛ እንደ ድሮው አይተቃቀፍም፤ ተራርቆ ያለቅሳል።

«ከደረጃ ወድቃ ነው አልኩሽ እኮ!» አላት የሟቿ ባል፣ ኢንስፔክተር ትርሲትን። ቀብሩ ሳይደርስ የሚስቱን ልብስ አንድ ሳያስቀር አጥቦ አስጥቶታል፤ የታጠበ ጨርቅ ደግሞ እጅ አያስታውስም።

ትርሲት ግን የምትበገር አልነበረችም። የሟቿን ሕፃን ያዘሉትን ጎረቤት ጠጋ አለች።

«እትዬ ዘነቡ፣ ማዘያው የማን ነው?»

«የእናቱ ነዋ! ስትወድቅ አዝላው ነበር። ከነማዘያው አንስቼ አዘልኩት፤ እስካሁን ከጀርባዬ አልወረደም።»

«ቀስ ብለው ያውርዱልኝ።»

ጨርቅ የያዘውን እጅ የሚያሳየውን መብራቷን ማዘያው ላይ ስታበራ፣ የሕፃኑ ጀርባ ያረፈበት ቦታ ላይ የአባትየው መዳፍ ጠልቆ፣ ፍም መስሎ ታየ።

«አባት ልጁን ዳበሰ ተብሎ ይከሰሳል?» አለ ባልየው።

«የሚያባብል እጅ እንዲህ አይጠልቅም» አለችና ካቴናውን አወጣች። «እናቱን የጣልካት የልጅህን ጀርባ ገፍተህ ነው።»