ዶሮ ማነቂያ፣ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ

ሙዓዊያ ከሥራ ሲመለስ የእማማ ጽጌ የስፌት ቤት አመድ ሆኖ ጠበቀው።

«የከሰል ካውያ ነው!» ትላለች ጎረቤታቸው ከዲጃ፣ ለመጣው ሁሉ። «ቀሚስ ሊተኩሱ ኖሯል። መብራት እየቆረጡ ሰውን ወደ ከሰል መለሱት። የቆረጠው እጁ ይቆረጥ!»

ሙዓዊያ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ሰፈሩ ቢሮ እንደሚውል እንጂ ምን እንደሚሠራ አያውቅም። የሚያውቁት እማማ ጽጌ ብቻ ናቸው። ዝናቡ ከከዳ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የግድቡ ውሃ ምን ያህል እንደወረደ በየማለዳው በስልክ ይነገረዋል፤ እሱም በወጣው ተራ መሠረት የየሰፈሩን መስመር ይቆርጣል። የዶሮ ማነቂያ ተራ በየቀኑ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሰዉ ከመልመዱ የተነሳ በዚያ ሰዓት ማብሪያ የሚነካ እንኳ የለም።

«አሁንማ ካውያዬን መንቀል ትቻለሁ፤ የምትነቅልልኝ አንተ ነህ» እያሉ እማማ ጽጌ ይቀልዱበት ነበር። እናቱ ካረፈች ወዲህ ረመዳን በገባ ቁጥር የማፍጠሪያ ሾርባ የሚልኩለት እሳቸው ናቸው።

ጠዋት ሲወጣ በር ላይ አስቁመውት ነበር።

«ልጄ፣ የነገዋ ሙሽራ ቀሚስ አልደረሰልኝም። ዛሬን ብቻ ተውልኝ።»

«ውሃው የለም እኮ፣ እማማ። ከዚህ በታች ከወረደ ተርባይኑ ይቆማል። ያኔ አገር ምድሩ ነው የሚጨልመው።»

«እንግዲህ ከውሃ ጋር ማን ይሟገታል» ብለው ገቡ።

ቢሮ ሲደርስ ውሃው ሌላ አራት ሴንቲ ሜትር ወርዷል።

«ዛሬ ምሕረት የለም» አለው አለቃው ኢዩኤል። «ለማንም።»

አሁን፣ የተቃጠለውን ቤት አይቶ፣ ታክሲ እንኳ ሳይጠብቅ ፒያሳን በእግሩ አቋርጦ እማማ የተወሰዱበት ሐኪም ቤት ደረሰ። እማማ ጽጌ ሁለት እጃቸው እስከ ክርን በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝተዋል።

«ከሰልማ ነክቼም አላውቅ» አሉት። «መብራት ከሌለ ምን ጎለተኝ ብዬ፣ ስምንት ሊሆን ሲል መተኮሱን ትቼ ለቅሶ ልደርስ ወጣሁ። ስመለስ ቤቱ ጭስ በጭስ። ቀሚሱን ላወጣ ገብቼ ነው እንዲህ የሆንኩት። እሳቱ ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቀው።»

ሙዓዊያ ከአልጋው ሥር ተንበርክኮ አለቀሰ።

«ይቅር በሉኝ፣ እማማ።»

«ምን በወጣህ! ከዲጃ ስትራገም ሰምተህ ነው አይደል? የታዘዝከውን ሠራህ እንጂ ምን አጠፋህ? ዛሬን ተውልኝ ብዬ ያስጨነቅኩህስ እኔ። በል ተነስ። ቆረጠብኝ ብዬ አልቀየምህም።»

«አልቆረጥኩትም፣ እማማ። ዛሬን ተውኩልዎት።»