ሁለት መስመር

ይመር ከሌሊት ተረኛነት ወጥቶ ሳይተኛ ልጁን ሐያትን ሙዚየም ይዟት መጣ። መግቢያው ነጻ ነበር።

«አባዬ፣ ለዒድ ጫማ ትገዛልኛለህ?»

«እንጃ።»

ቤታቸው ውስጥ ከ«እንጃ» ሌላ መልስ ከጠፋ ቆይቷል። ባንኮች የሰውን ድምፅ በያለበት መስማት ከጀመሩ ወዲህ «እገዛልሻለሁ» ያለ ሰው ብሩ ወዲያውኑ ከሒሳቡ ይወጣል፤ ከሌለው ሒሳቡ ይታገዳል። የይመር ደመወዝ ደግሞ ገና ነው።

አስጎብኚዋ በመስታወት ሥር ያለ አሮጌ ቼክ አሳየቻቸው። «ገንዘቡ የሚወጣው ላዩ ላይ ባለው ቀን ነው። ቼኩ የተጻፈው ግን ቀደም ብሎ ነው።»

«ብሩን ሳይይዝ ነው የጻፈው?» አለች ሐያት።

«እስከዚያ አገኛለሁ ብሎ ነዋ!»

ሐያት ቀና ብላ አባቷን አየችው። ይመር ለጎብኚዎች መታሰቢያ ከሚታደለው ባዶ ቼክ አንድ አነሳ። ብዕር ከያዘ ዓመታት አልፈዋል። ከንፈሩን ገጥሞ «ለሐያት ይመር፣ አንድ ጥንድ ጫማ» ብሎ ጻፈ፤ ቀኑን የደመወዝ ማግስት አደረገው። የሰማው ባንክ አልነበረም።

«ወንድሜ ቢወስድብኝስ?»

«ጥጉ ላይ ሁለት መስመር አስምሪበት» አለቻት አስጎብኚዋ። «ያኔ ስሙ ከተጻፈበት ሰው በቀር ማንም አይቀበልበትም።»

ሐያት ምላሷን አውጥታ፣ ተጠንቅቃ አሰመረች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ይመርን አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ጣለው። ትንሽ ቆይቶ በሕልሙ «ሐያትዬ፣ ጫማ...» ማለት ሲጀምር፣ ሐያት ቼኩን በአንድ እጇ እንደያዘች በሌላው አፉን ሸፈነችው።