አሥራ ዘጠኝ አንዶች

ሀኒያ አብዱልሐኪም የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች ለክልሉ የሒሳብ ውድድር አንድ ተማሪ ሊመረጥ ፈተና ተሰጠ። የመጨረሻው ጥያቄ «የምታውቁትን ትልቅ ፕራይም ቁጥር ጻፉ» ይላል። ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም የማይካፈል ቁጥር ማለት ነው።

ሀኒያ አሥራ ዘጠኝ አንዶች ጎን ለጎን ሲደረደሩ ፕራይም እንደሚሆኑ አንብባ ነበር። አንዶቹን ቶሎ ቶሎ ደርድራ ከሁሉ ቀድማ ወጣች።

መምህር ኃይለ ጊዮርጊስ ለመልሱ ዜሮ ሰጧት።

«ቲቸር፣ ያ ቁጥር እኮ አይካፈልም!»

«ይካፈላል» አሏት፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

የፈተናው ወረቀት ለተማሪ አይመለስም። በእሷ ፋንታ የሄደው ልጅ በዚያው ውድድር የውጭ ትምህርት ዕድል አገኘ። ሀኒያ ተናዳ ትምህርቷን አቋርጣ ሁለት ዓመት በአባቷ ሱቅ ቆማ ጨርቅ ለካች። በየክንዱ አንድ ነገር ትል ነበር፦ አሳየዋለሁ።

አሥራ አራት ዓመት አለፈ። ሀኒያ የሒሳብ ዶክተር ሆነች። የመመረቂያ ጽሑፏም ስለዚያው ቁጥር ነበር።

ዘንድሮ መምህሩ ጡረታ ወጡ። በትውልድ አገራቸው በቢቸና ሽኝት ሲዘጋጅላቸው የድሮ ተማሪዎቻቸው ተጠሩ። ሀኒያ ንግግር ላድርግ ብላ ራሷ ጠየቀች።

«ሰውየው አርጅተዋል፤ ተዪአቸው» አለች እናቷ ዓሊማ።

«የኔ ሁለት ዓመትስ?»

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሀኒያ ሰሌዳው ላይ አሥራ ዘጠኝ አንዶች ጻፈች። ለምን እንደማይካፈል ሕፃን በሚገባው ቋንቋ አስረዳች። ከዚያ ወደ ፊተኛው ወንበር ዞረች።

«ቲቸር፣ ዛሬም ይካፈላል ይላሉ?»

«አይካፈልም። ልክ ነሽ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። የመምህሩ ባለቤት አንገታቸውን ደፉ። ሀኒያ ግን አላቆመችም።

«ታዲያ ያኔ ለምን ጣሉኝ? ክርስቲያን ስላልሆንኩ ነው? ሴት ስለሆንኩ?»

ሽማግሌው ቀስ ብለው መድረኩ ላይ ወጡ። ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ አሮጌ ወረቀት አውጥተው መዳፏ ውስጥ አስጨበጧት።

«ልጄ፣ ይህን ቤትሽ ገብተሽ እይው» አሏት በሹክሹክታ።

«ምን ይደበቃል? እዚሁ ይነበባል!»

ማይክሮፎኑን አፏ ድረስ አስጠጋች። ወረቀቱ የፈተናዋ ወረቀት፣ ጽሕፈቱም የራሷ ነበር።

«ከሥሩ በቀይ ምን እንደጻፉ ስሙልኝ! ‹ለ2071723 ይካፈላል›።» ሰው ሳቀ። «እስቲ አብረን እንቁጠራቸው!»

ጣቷን አንዶቹ ላይ አድርጋ ጮክ ብላ ቆጠረች፤ አዳራሹም ተቀበላት። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባት።

ወረቀቱ ላይ ሌላ አንድ አልነበረም።