ልጁን ያሳሳተው ማን ነው?

«እናቴ፣ ልጅዎ የወንዝ ማዶ ሰዎችን ከነአውቶቡሳቸው አቃጥሏል» አላት መርማሪው። «ያሳሳተውን ከነገሩኝ ከሞት ይተርፋል። ካልሆነ መሰቀሉ ነው። ጓደኛ ነው?»

«ጓደኛ የለውም፤ ከቤት አይወጣም።»

«አስተማሪ?»

«አስተማሪውማ ‹ዶሮ ማረድ የሚፈራ› እያለ ይስቅበት ነበር።»

«እንግዲያው ስልክ ነው።»

«አንተ ደግሞ፣ በምን አቅሜ ስልክ እገዛለታለሁ?»

መርማሪው ተናዶ መዝገቡን ሊያጥፍ ሲል ሴትዮዋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«በል ጻፍ። ገና ጥርስ ሳያወጣ ጀምራ፣ አዝላው ወዲያ ወዲህ እያለች ‹እሽሩሩ፣ አባትህን የበሉት የወንዝ ማዶዎቹ ናቸው፣ እደግና ደሙን መልስ› ትለው ነበር። እስኪጎረምስ አልተወችውም። ደብሪቱ ትባላለች።»

«ጎሽ! የት ትገኛለች?»

ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣችና ሁለት እጆቿን አጣምራ ዘረጋችለት።