እስኪደርቅ ድረስ

ስልኩ ሲጠራ የሙሽሪት አሥሩም ጣቶች በጥጥና በፎይል ተጠቅልለዋል። አሴቶኑ የድሮውን ቀለም እስኪያሟሟው ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እንደ ተቀጣ ተማሪ ተቀምጣለች። በራሷ ቤት ጥፍሯን የምትሠራላት የባሏ ታላቅ እህት እትዬ ናት።

«እትዬ፣ ማነው? እይልኝ እስቲ።»

እትዬ ስልኩን ታነሳለች። «የልጄ አስተማሪ» ይላል። ድምፁን ታጠፋና በፊቱ ትደፋዋለች።

«የማይታወቅ ቁጥር ነው። ዕቃ ሻጮች ይሆናሉ።»

«እነሱ ደግሞ ሰው እጁ ሲያዝ ነው የሚታያቸው» ብላ ትስቃለች ሙሽሪት። ከተዳረች ስድስት ዓመት አልፏታል፤ በባሏ ቤተሰብ ዘንድ ግን ዛሬም ስሟ ሙሽሪት ነው።

የሙሽሪት ባል ትናንት ለእህቱ ለእትዬ የነገራት አጭር ነው። ልጅቷን ከመዋዕለ ሕፃናት አውጥቶ፣ ልብሷን ሸክፎ፣ እናታቸው ወዳሉበት ከተማ ይሄዳል። አይመለስም። «አንቺ ብቻ የሚስቴን እጅ ያዢልኝ» አላት። ስታመነታ «ነገ ትከተይናለሽ። ልጅቷን የምታሳድጊያት አንቺ ነሽ» ሲል ጨመረላት። ያኔ ወዲያው እሺ አለች። ለሚስቱ ደግሞ ጠዋት ሲወጣ «ማታ እራት እንውጣ፣ እትዬ ጥፍርሽን ትሥራልሽ» ብሏታል።

እትዬ ፎይሉን ትፈታለች። ቀለሙ እንደ እርጥብ ልጣጭ ይነሳል። ጥፍሩን በሞረድ ታስተካክልና ሥሩ ላይ ያለውን ቆዳ በእንጨት ዘንግ ወደ ኋላ ትገፋለች።

«ቀስ፣ እትዬ። አመመኝ።»

«መቆንጀት ዝም ብሎ መሰለሽ? ቻይው።»

ይህን ሥራ የጀመረችው ስልክ ላይ ቪዲዮ አይታ ነው። እስከ ዛሬ አምሮላት አያውቅም፤ አንዴ ይጎረብጣል፣ አንዴ በማግስቱ እንደ ቁስል ቅርፊት ይላቀቃል። ሙሽሪት ግን ያንኑ ጎርባጣ ለሰው እያሳየች «እትዬ ናት የሠራችልኝ» እያለች ስትኮራበት ትከርማለች።

ዛሬ ግን እትዬ አትቸኩልም። ማጣበቂያውን ቆዳ ሳታስነካ ስስ አድርጋ ትቀባለች። ጣቱን ጋደል አድርጋ ባለ ቀለሙ የጥፍር ዱቄት ውስጥ ታጠልቃለች፣ ታወጣለች፣ ትርፉን በለስላሳ ብሩሽ ትጠርጋለች። ድጋሚ ትቀባለች፣ ድጋሚ ታጠልቃለች። ቀለሙ እንደ ሮማን ፍሬ ቀይ ነው።

ስልኩ እንደ ተደፋ ጠረጴዛው ላይ ይነዝራል።

«አሁንም እነሱ ናቸው?» ሙሽሪት እጇን ልትሰበስብ ትሞክራለች። «ትምህርት ቤት እንዳይሆን ብቻ። ልጄን ጠዋት አስሏት ነበር።»

እትዬ አንጓዋን ጠበቅ አድርጋ ትይዛለች። «አትንቀሳቀሺ። ሳይደርቅ ከነካሽው ሁሉም ከመጀመሪያው ነው። ደግሞ ትምህርት ቤት ቢሆን ለአባቷስ ይደውሉ የለ?»

«እሱስ ልክ ነሽ።» እጇን መልሳ ትሰጣታለች።

የእትዬ ማህፀን የወጣ ጊዜ ገላዋን ያጠበው ይህ እጅ ነው። ፋሻዋን የቀየረውም፣ ሽንቷን የደፋውም። እትዬ አልረሳችውም። እንደ ውለታ ግን አትቆጥረውም፤ ያኔ ሙሽሪት ልጅቷን አርግዛ ነበር፣ አልጋው ላይ ጎንበስ ባለች ቁጥር ያ ሆድ ፊቷ ላይ ይመጣባት ነበር።

ትንሿ ጣት አልተስተካከለችም ብላ የሠራችውን ሞርዳ ታጠፋዋለች። ተስተካክላ ነበር። እንደገና ትጀምራለች።

«ታውቂያለሽ እትዬ፣ ወንድምሽ ሰሞኑን ቀዝቅዞብኝ ነበር» ትላለች ሙሽሪት። «ሌላ ያዘ ብዬ ስንት ነገር አሰብኩ። ዛሬ ራሱ እራት እንውጣ ሲለኝ አፈርኩ። ሰውን በከንቱ መጠርጠር...»

እንባዋ ይመጣል። ጥፍሮቿ አልደረቁምና ልትጠርገው አትችልም። እትዬ ከሳጥኑ ሶፍት ትመዝና አንዱን ዓይን፣ ቀጥላም ሌላውን ትጠርግላታለች።

«ዝም በይ፣ ፊትሽ ይበላሻል።»

የእትዬ የራሷ ስልክ አንዴ ጠርቶ ይቋረጣል። ወንድሟ ነው፤ መንገድ ጀምረዋል ማለት ነው። የመጨረሻውን ማብረቂያ በአሥሩም ላይ ትቀባለች። ጥፍሮቹ እንደ መስታወት ጠርተው ያበራሉ። አንድም ጉብታ የለም።

ሙሽሪት ጣቶቿን ወደ መስኮቱ ብርሃን እያገላበጠች ታያቸዋለች። «እጅሽ ይባረክ፣ እትዬ። ሳሎንም እንዲህ አይሠሩትም።»

«ያንቺ ጣት አማረበት እንጂ።»

ስልኩን ቦርሳው ውስጥ ትከትላታለች፣ ቦርሳውን ትከሻዋ ላይ ታንጠለጥልላታለች፣ በሩን ትከፍትላታለች። ሙሽሪት ስትወጣ እትዬ በሩን ከውስጥ ትቆልፈዋለች።

የጫማዋ ድምፅ በደረጃው ይወርዳል። ከታችኛው ፎቅ ሲደርስ ይቆማል። ያመለጣትን ጥሪ አይታ መልሳ ደውላለች። «አቤት፣ አስተማሪ» ይሰማል። ቆየት ብሎ «የት ወሰዳት?» ከዚያ ለባሏ ትደውላለች። ከዚያ ጫማው ደረጃውን እየሮጠ ይመለሳል።

«እትዬ፣ ክፈቺልኝ። ልጄን ከነሻንጣዋ ወስዷታል። የኔን ስልክ አያነሳም። አንቺ ደውይለት፣ ያንቺን ያነሳል።»

እትዬ ከበሩ ጀርባ ቆማለች። በሩ በመዳፍ ይመታል፣ ደግሞ ይመታል።

ከዚያ መምታቱ ይቆማል።

«ስልኩን ያየሽው አንቺ ነሽ» ትላለች ሙሽሪት፣ አሁን በቀስታ።

ከመቆለፊያው በታች፣ ከወለሉ አጠገብ፣ የሙሽሪት ጥፍር እንጨቱን መቧጠጥ ይጀምራል። እትዬ ጆሮዋን ታስጠጋለች። ጥፍር ሲሰበር ድምፁ ይለያል፤ አሁን የሚሰማው ግን ያው አንድ ዓይነት መቧጠጥ ነው። አንዱም አልተሰበረም።