ባሩድ የሌለው ጥይት

አባቷ ፊቱን ሲያዞርላት ቬርሊን ከኪሷ አንድ ጥይት አውጥታ ጠመንጃው ውስጥ ታጎርሳለች።

"እንካ፣ ጎርሷል።"

አባቷ ኦሪን ጠመንጃውን በፒካፕ መኪናው ኮፈን ላይ በተቀመጠው የአሸዋ ከረጢት ያስደግፋል። ዒላማው ከጠጠር ጉድጓዱ ማዶ የቆመ ካርቶን ነው። ከጠዋት ጀምሮ የተኮሰው ሁሉ ወይ ጠርዙን ነክቷል፣ ወይ ጭራሽ ስቷል።

"የጠመንጃው መነጽር ነው የተዛባው" ይላል።

"መነጽሩን ትናንት ራሴ ተኩሼ አስተካክዬዋለሁ፣ አባዬ።"

"እንግዲያው ነፋሱ ነው።"

ነፋስ የለም። ቬርሊን በጎቹን ኮዮቴ ከሚባለው የዱር ቀበሮ ስትጠብቅ አድራ ነው የመጣችው፤ የመከራከር አቅም የላትም። ቅዳሜ መላው ዋዮሚንግ ለአጋዘን አደን ይወጣል። አምና ኦሪን አንዷን ሆዷ ላይ መትቷት አመለጠች። ደሟን ሲከተሉ መሸባቸው። ጠዋት ሲደርሱ ኮዮቴዎቹ ቀድመዋቸዋል፤ ከነሕይወቷ መብላት እንደጀመሯት መሬቱ ይናገር ነበር። ዘንድሮም ያንኑ ትልቁን ጥይት፣ ሠላሳ ዜሮ ስድስቱን፣ ይዤ ካልወጣሁ ብሏል።

ቃታውን ይስባል።

ቀጭ።

ተኩስ የለም። ትከሻው ግን ወደ ኋላ ይሸሻል፣ አፈሙዙ ወደ መሬት ይደፋል፣ ዓይኖቹ ግጥም ብለው ይጨፈናሉ። ያልመጣውን ምት ፈርቶ።

መዝጊያውን ሲስበው ጥይቱ ኮፈኑ ላይ ይንከባለላል። ቀለሁ ጎኑ ላይ ተበስቷል፤ ባሩዱ ወጥቷል። ቬርሊን ትናንት ማታ ነው የበሳችው። ዘዴው ግን የእሱ ነው፤ ልጅ ሳለች ጠመንጃ እንዳትፈራ ያስተማራት በዚህ ነበር።

"አንቺ እባብ።"

"የማን ልጅ ሆኜ?"

"ያኔ አልቅሰሽ ነበር።"

"አንተ ደግሞ ስቀሃል።"

አሁን አይስቅም። ትከሻውን ያሻል። ቬርሊን ከመኪናው ውስጥ የራሷን ቀጭን ጠመንጃ አውጥታ ታቀብለዋለች።

"ሁለት አርባ ሦስት?" ይላል፤ "ይሄ ለኮዮቴ ነው። አጋዘኗ ዞር ብላ 'ማነው የነካኝ?' ትለኛለች።"

"ቦታዋን ካገኘሃት ትወድቃለች። ያ ትልቁ ሆዷን ሲመታት ምን ጠቀመ? ጠጋ ብለህ ተኩስ። መጠጋት ካቃተህ ተዋት።"

"የልጅ ጥይት።"

"አዎ፣ የልጅ ጥይት። ትከሻህን አይመታህም። በዚህም ከጨፈንክ ግን ቅዳሜ ቤት ትውላለህ።"

ኦሪን ቀጭኑን ጠመንጃ ይቀበላታል። ጠመንጃውን ያስደግፋል፤ ይተኩሳል። ካርቶኑ መሃሉ አካባቢ ይበሳል። መዝጊያውን ስቦ ቀለሁን ያወጣና ጠመንጃውን መልሶ ያቀብላታል።

"ድገሚ" ይላታል። ሳትነግረው ጀርባውን ይሰጣታል፤ እንዳያይ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ይደፋል።

ቬርሊን እጇን ኪሷ ውስጥ ትከታለች። አንዱ ጥይት አዲስና የሚያብረቀርቅ ነው። ሌላው በዕድሜ ጠቁሯል፤ ጎኑ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ኦሪን ራሱ ያኔ፣ ልጅ ሳለች፣ ለእሷ ሲል የበሳት ናት። ያረጀውን ታጎርሳለች።

"እንካ።"

ቀጭ።

አፈሙዙ ንቅንቅ አይልም። ኦሪን ጉንጩን ከሰደፉ ላይ አያነሳም። ቬርሊን በጎን በኩል ጠጋ ብላ ታየዋለች። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ግን ክፍት ነው።