የለቅሶው ባሩድ

አዛውንቱ የሚተዳደረው ባዶ ቀለህ ባሩድ እየሞላ ነው። ምንሽርም ይምጣ ዲሞትፈር፣ እሱ ዘንድ ያለው ባሩድ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። "ለየጠመንጃው ባሩድ የሚያማርጥ ሥራ ፈት ነው" ይላል። በቀዩ ጣሳ ያለው ለጠላት ነው፤ በነጩ ያለው ለሠርግና ለለቅሶ። የነጩ ይጮሃል እንጂ አረሩን ከአጥር አያሻግርም።

አንድ ማለዳ ልጁ ስመኘው የምንሽሩን ቀለሆች ፊቱ ዘረገፈ።

"አባቴ፣ ሙላልኝ። የአጎቴን ደም ልመልስ ነው።"

"ተው ልጄ፣ ሽማግሌ ተልኳል። እርቅ ይወርዳል።"

"ካልሞላህልኝ በጩቤ እሄዳለሁ።"

አዛውንቱ ቀለሆቹን አንድ በአንድ ሰበሰበ። ከዚያ ሞላለት። ልጁ ጉልበቱን ስሞ ወጣ።

በማግስቱ በቃሬዛ አመጡት። አብሮት የነበረው ጓደኛው፣ "ቀድሞ የተኮሰው እሱ ነበር" እያለ ያለቅሳል። "ያውም ከቅርብ! እንዴት እንደሳተው እንጃ።"

የመንደሩ ወንዶች ቀለሃቸውን ይዘው መጡ። በአገሩ ወግ ጎበዝ ያለ ተኩስ አይቀበርም።

"ጋሼ፣ ለለቅሶው ይሙሉልን" አሉት።

አዛውንቱ ነጩን ጣሳ አንስቶ ዘቀዘቀው። ምንም አልወረደም።

"አልቋል" አላቸው። "ስመኘው ይዞት ሄዷል።"